ነፍስ ይማር ያሉት ሟች

መጋዘኑ ውስጥ ባስገቡኝ ቀን መጀመሪያ ያየሁት የሞተ ሰው ነው። ሬሳ ማለቴ አይደለም። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። መሞታቸውን ግን እኔው በምሠራበት ጋዜጣ ላይ፣ በጥቁር መስመር ተከቦ አንብቤዋለሁ።

ቦታው አቃቂ ነው፤ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ ድሮ ጥጥ ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ መጋዘን። ጥጡ ከወጣ ቆይቷል፤ ብናኙ ግን አልወጣም። በቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ነጭ ነገር ሲንሳፈፍ ይውላል። ባቡር ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጥና ያ ብናኝ ከመሬት ተነስቶ የሰዉ ፀጉርና ቅንድብ ላይ ያርፋል። ከቀን ፀሐይ ወደ ጨለማው ስገባ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠው ሁሉ፣ ጎረምሳውም ሳይቀር፣ ሽበታም ሆኖ ታየኝ። ማንም አይንቀሳቀስም። ሁሉም ዝም ብሎ ያየኛል። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ከአብዮቱ በፊት ጀምሮ የአቃቂና የዙሪያዋ ገጠር የጋዜጣ ወኪል ነበርኩ። የእህል ዋጋ፣ የወንዝ ሙላት፣ የፋብሪካ ጉብኝት እጽፋለሁ። የምወደው ግን የመጽሐፍ ዜናውን ነበር። የገጠር ደራሲ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ላሙን ሸጦ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ነው። ከማተሚያ ቤት የወጣለትን በአህያ ጭኖ ገበያ ለገበያ ይዞራል፤ በሳሪስ አቦ ንግሥ ዕለት ከጧፍ ሻጮቹ ጎን ነጠላ ዘርግቶ ይደረድራል። እኔ ዘንድ ሲመጣ ተላጭቶ፣ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ለፎቶግራፍ ተዘጋጅቶ ነው። ካሜራ የለኝም ስለው ያዝናል። ጥቂት መስመር ከወጣለት ግን ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ይከትና እስኪበጣጠስ ድረስ ላገኘው ሁሉ ያሳያል። ሰው ይስቅባቸው ነበር። እኔ እወዳቸው ነበር፤ አሁንም እወዳቸዋለሁ።

ጥጉ ላይ ያየኋቸው ሽማግሌ ከእነሱ አንዱ ናቸው። አባባ ነበር የምላቸው። ከአቃቂ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ባለ መንደር የሚኖሩ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ሞታባቸዋለች፤ ልጅ አልወለዱም። የጻፉት የመስኮችን ስም ነው። ባቡሩ ሳይመጣ፣ ፋብሪካው ሳይተከል፣ እያንዳንዱ መስክና እያንዳንዱ ምንጭ በኦሮምኛም በአማርኛም ምን ይባል እንደነበር፣ ማን ያርሰው እንደነበር፣ ማን እንደወሰደው። ሌላ ምንም የለውም። ግን ስታነቡት ያስለቅሳል።

ልጅ ስለሌላቸው፣ «ማን ያወጣልኛል?» ብለው የቁም ተዝካራቸውን ደገሱ። የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ጧሪ ቀባሪ የሌለው ሰው በሕይወቱ እያለ ለራሱ ተዝካር ያወጣል። ካህናቱንና ጎረቤቱን አብልቶ አጠጥቶ የነፍሱን ጉዳይ በጊዜ ይጨርሳል። አባባ መቃብራቸውን እንኳ በደብሩ ግቢ አስቆፍረው፣ በድንጋይ አስለብሰው፣ ስማቸውን አስቀርጸው ነበር። እኔም ተጠርቼ ዳሱ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ራሳቸው ሟቹ ጠላ እየቀዱ፣ «ጠጣ እንጂ ልጄ፣ ለእኔ ነፍስ እኮ ነው» ይሉኝ ነበር። ለየእንግዳው አንዳንድ መጽሐፍ አደሉ።

ዜናውን ጽፌ እንደወትሮው በባቡር ላክሁት። አዘጋጁ የከተማ ልጅ ነው። «ሰው ለራሱ እንዴት ተዝካር ያወጣል? ይኼ ወኪል ጠላው አናቱ ላይ ወጥቶበታል» ብሎ አረመልኝ። በሞት የተለዩት ደራሲ ተዝካር ወጣ ተብሎ፣ ከላይ መስቀል ተደርጎበት ታተመ። ይስተካከል ብዬ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። «ጋዜጣ ሰው አያስነሳም። ቆይ፣ ሲሞቱ ልክ ይሆናል» አለኝ። ጉድ እኮ ነው! ተናድጄ ለአባባ ስነግራቸው እሳቸው ከት ብለው ሳቁ። ከሞቱ ወዲህ መጽሐፋቸው መሸጥ ጀምሮላቸው ነበር።

ጣጣው በኋላ መጣ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ፣ ሰው ከሰው ጋር ቆሞ ማውራት በፈራበት ጊዜ፣ ከመጽሐፉ የተቀዳ ጽሑፍ በአንድ ፋብሪካ አጥር ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ማን እንደለጠፈው አልታወቀም። ማን እንደጻፈው ግን ይታወቃል፤ ችግሩ ሰውየው ሞተዋል። ስለዚህ በጋዜጣ ያወራላቸውን ሰው፣ እኔን፣ ከቤቴ አንስተው አመጡ። አባባ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ገበያ ላይ በተደረገ አፈሳ ከሌሎች ገበሬዎች ጋር ተይዘው ኖሯል። ሲጠየቁ የመንደር ስማቸውን ሰጡ። መጽሐፉ ላይ ያለው የክርስትና ስማቸው ነው። የያዟቸው ሰዎች ማንን እንደያዙ አያውቁም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ያን ቀን የማውቀው ጥጉ ላይ መሞታቸው የተጻፈላቸው ሰው መቀመጣቸውን ብቻ ነው።

ራሱም እስረኛ የሆነው የክፍሉ ኃላፊ፣ ካቦ የምንለው፣ ዕድሜውን ሐዲድ ሲጠግን የኖረ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነበር።

«ምን ሠርተህ ነው?» አለኝ።

«ጋዜጠኛ ነኝ። ስለ አንድ መጽሐፍ ጽፌ።»

«የመስኮቹ ነው?»

«አዎ፣ እሱ።»

«ያ የሞቱት ሽማግሌ! አይ ሰው! ነፍስ ይማር።»

ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠው ሁሉ በአንድ ላይ «ነፍስ ይማር» አለ። ከሁሉ ኋላ፣ ከጥጉ፣ አንድ ቀስ ያለ ድምፅ ብቻውን «ነፍስ ይማር» አለ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዳሱ ውስጥ ጠጣ እንጂ ልጄ ያለኝ ድምፅ ነው። ክው አልኩ። የራሴ ጠጉር ሲቆም ተሰማኝ። ካቦው ቦታ ሲሰጠኝ፣ የፈጣሪ ነገር፣ አጠገባቸው ሆነ። ሽማግሌው ዞር ብለው አላዩኝም። ብዙ ቆይቶ ባቡር መጣ፤ ቆርቆሮው ተንጋጋ፣ ብናኙ ተነሳ። በዚያ ጫጫታ ውስጥ ከንፈራቸውን ሳያላውሱ እንዲህ አሉኝ፦

«ሞቻለሁ፣ ልጄ። አደራህን፣ እንዳታስነሳኝ።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ደራሲውን ካገኙት ይገድሉታል፤ ይህን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አባባ በሕይወት የሚቆዩት ሞተው እስከቆዩ ድረስ ነው። እዚያ መጋዘን ውስጥ ደራሲው እሳቸው መሆናቸውን የማውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

መርማሪው የማይጮህ ሰው ነበር። የሚጮህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሲጋራ ሳይለኩስ በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ ይጠይቃል።

«ደራሲው የት አለ?»

«ሞተዋል። ጋዜጣው ላይ ወጥቷል።»

«አንብቤዋለሁ። ጋዜጣውን የምትጽፈው ግን አንተ ነህ።» ሲጋራውን አንዴ አሽከረከረ። «መቃብሩን አሳየኝ።»

እጄን በገመድ አስረው ጂፕ ላይ ጫኑኝ። መንደሩ ስንደርስ ቀትር ነው። የደብሩ ግቢ ጭር ብሏል። የጽዱ ዛፍ እንኳ አይንቀሳቀስም። መቃብሩ እንዳየሁት አለ፤ ስማቸው ተቀርጿል፣ መስቀሉ አለ፣ ሣር ዙሪያውን በቅሎበታል። መርማሪው ዞር ዞር ብሎ አየውና በጫማው ተረከዝ ክዳኑን መታ መታ አደረገው። ድምፁ ወደ ታች ወርዶ፣ ቆየት ብሎ ተመልሶ መጣ።

«ባዶ ይመስላል» አለ።

አብረውን የመጡትን ሁለት ጠባቂዎች ክዳኑን እንዲያነሱ አዘዛቸው። ጠመንጃቸውን አስቀምጠው ገፉት፤ ድንጋዩ ተንቋቋ፣ በጎኑ የጣት ስፋት ያህል ጨለማ ተከፈተ። ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ወጥቶ እግሬን ነካኝ። እኔ ከአፉ ላይ ቆሜያለሁ። አሁን አለቀልን፣ ለእኔም ለእሳቸውም፣ ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው አንዲት ሴት ከአጥሩ ማዶ ቆማለች። የአባባ ጎረቤት ናት፤ የተዝካሩን ጠላ የጠመቀችው እሷ ነበረች። እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። አየችኝ። የታሰረውን እጄን አየች፤ ጉድጓዱን አየች፤ ጠመንጃውን አየች። መልሳ ፊቴን አየች። ምን ልበላት? ዐይኗን ማየት አቅቶኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ወየው!» አለች። «ወየው! ወየው!»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ደረቷን መታች። ድምፅዋ ከወንዙ ማዶ ገደል ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ከአውድማው ሰው መሮጥ ጀመረ። ወንዶቹ መንሻቸውን እየጣሉ፣ ሴቶቹ በሊጥ እጃቸው፣ ማን ሞተ ሳይሉ፣ ምንም ሳይጠይቁ መጡ። ባዶ መቃብር ዙሪያ ቆመው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንጀት በሚበላ ዜማ አለቀሱ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስፈራኝ ነገር የለም። ደራሲው በሕይወት እንዳሉ የማውቀው እኔ እንኳ ለአፍታ ተጠራጠርኩ፤ ጥጉ ላይ ያየሁት ማንን ነው ብዬ።

ክዳኑን ይገፉ የነበሩት ሁለቱ ጠባቂዎች የገጠር ልጆች ናቸው። ለቅሶውን ሲሰሙ እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። መርማሪው እነሱን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ያልተለኮሰውን ሲጋራ ኪሱ ከተተ።

«እሺ» አለ። «ሞቷል።»

መጋዘኑ ስመለስ አባባ ባቡር እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ማን አለቀሰ?» አሉኝ።

ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አውድማ ላይ የነበሩትን፣ ቄሱን፣ እነዚያን አሮጊቶች።

«እሷስ? ጎረቤቴ?»

«መጀመሪያ እሷ ናት የጀመረችው፣ አባባ።»

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም ዞሬ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መርማሪው በሩ ላይ መጥቶ ጠራኝ። «ደራሲው መሞቱን አምኛለሁ» አለ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «ለመጽሐፉ ግን አንድ ሰው መጠየቅ አለበት። ከምሳ በኋላ ተዘጋጅ።»

ተዘጋጅ የተባለ ሰው ሸራ በለበሰ መኪና ይወጣል። ተመልሶ የመጣ አላየንም። በሩ ተዘጋ። ካቦው፣ ለሚወጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በጣሳ ውሃ ይዞ መጥቶ ፊቴ ተንበረከከ። «እግርህን ልጠብህ፣ ወንድሜ» አለኝ። ያቺን ስሰማ እውነት መሆኑ ገባኝ። ሚስቴ ትዝ አለችኝ።

ያኔ አባባ ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው መስቀለኛ አጣፉት። በሩ ድረስ ሄደው ብረቱን በመዳፋቸው ደበደቡት። ጠባቂው ከፈተ፤ መርማሪው ገና አልራቀም ነበርና ተመለሰ።

«ደራሲው እኔ ነኝ» አሉ። «አልሞትኩም። ልጁን ተወው።»

መርማሪው ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። በባዶ እግራቸው የቆሙ፣ ቅንድባቸው ብናኝ የለበሰ ገበሬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እሱ ነው?»

አልዋሽም፤ መኖር አማረኝ። አዎ ብል ከምሳ በኋላ የሚወጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሚስቴን አያለሁ። ደግሞ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የቆሙት፤ ማጅራታቸው ቀጭን ነው፣ ይታያል፣ ይንቀጠቀጣል።

«አይደሉም» አልኩ። «የደራሲውን መቃብር ትናንት አሳይቼሃለሁ። እኚህ ገበሬ ናቸው።»

«ትዋሻለህ!» ብለው ጮኹብኝ፣ አባባ። እንዴት ያለ ቁጣ! «ስሜን ትክዳለህ?»

ካቦው ነገሩን ያኔ ተረዳው። ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ «ጓድ፣ ይተዉአቸው» አለ። «ረሃቡ አናታቸው ላይ ወጥቶ ነው። ባለፈው ደግሞ ባቡሩ የእኔ ነው፣ አምጡልኝ ሲሉን ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ሳቀ፤ ሊያድናቸው ሳቀ። አባባ በንዴት ጢማቸው ተርገበገበ። «እንግዲያው ስሙ!» ብለው የመጽሐፋቸውን መጀመሪያ በቃላቸው ጀመሩ፦

«መስክ ስሙን ሲረሳ ባለቤቱም ይረሳል…»

ሳቁ ቆመ። እግዚኦ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? አሁን አለቀላቸው ስል ካቦው ከተቀመጠበት ቀጠለ፦ «…ስሙን የምናውቅ እስካለን ድረስ ማንም መስኩን ወሰድኩ አይበል።» ከማዶ ግድግዳ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ተቀበለው፦ «…ምንጩ አልተሸጠም፤ የሚጠጣው ሰው እንጂ።» ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አጥሩ ላይ ከተለጠፈው አንብበው ሁሉም በቃላቸው ይዘውት ኖሯል። ጮክ ብለው አይደለም፤ እንደ ጸሎት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ነጭ ሆነው እንደተቀመጡ፣ ከጨለማው ውስጥ። የማን አፍ እንደሚናገር አይታይም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያውቃል የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

መርማሪው ትንሽ ቆሞ ሰማ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። በሩን ዘጋው።

ምሳ አለፈ። ባቡሩ መጣ፣ ሄደ። አልተጠራሁም። በማግሥቱም አልተጠራሁም። ለምን እንደተወኝ እስከዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ክፍሉን በሙሉ መውሰድ ከብዶት ይሆናል። ያን ቀን በሩ እንደተዘጋ ግን ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞረ። ከዚያ አባባ ወደ ጥጋቸው ተመልሰው ተቀመጡና፣ «ስለ ምንጩ የሚለውን አበላሽታችሁታል» አሉ። «እኔ እንደሱ አልጻፍኩም።»

ካቦው፣ «ይቅርታ፣ አባባ» አለና በትክክል እንዲያስተምሩት ጠየቃቸው። አስተማሩት። ሁሉም እየተከተለ ደገመው።

ክረምቱ ሲቃረብ፣ ማን ይዝራ ተብሎ መሰለኝ፣ ገበሬዎቹን ለቀቋቸው። አባባም አብረው ወጡ፤ በመንደር ስማቸው ተጠርተው። እኔ ቆየሁ። ስፈታ ወደ መንደሩ ወረድኩ፤ አልደረስኩባቸውም። በቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ አርፈው፣ ባሠሩት መቃብር ገብተዋል። ክዳኑ ተገጥሞ፣ ዳሩ በጭቃ ተመርጓል።

ያቺን ጎረቤታቸውን ቤቷ ሄጄ አገኘኋት። ላመሰግናት ነው የሄድኩት። ያን ቀን ያን ለቅሶ ባታነሺ ኖሮ ድንጋዩ ይነሳ ነበር፤ አባባን ያዳንሻቸው አንቺ ነሽ፤ መሞታቸውን አምነሽ ነው ወይስ አውቀሽ? አልኳት።

ገርሟት አየችኝ።

«እሳቸውማ በሕይወት እንዳሉ አውቅ ነበር» አለች። «አብሯቸው ተይዞ ቀድሞ የተፈታ ሰው ነግሮኛል። እኔ ያለቀስኩት ላንተ ነው፣ ልጄ። አስረው ጉድጓድ አፍ ላይ አቁመውሃል፤ ድንጋዩን ያነሳሉ። ምን ሆነህ ነው ብዬ ባይህ አንገትህን ደፋህ። ሊከቱህ ነው ብዬ ነው።»

«ሌሎቹስ?» አልኳት።

«ሁሉም ላንተ ነው።»

አሁን አባባን በዕድሜ አልፌያቸዋለሁ። የምኖረው ሳሪስ ነው፤ ባቡሩ ቀርቷል። ጎረቤት ሲሞት እሄዳለሁ፣ ድንኳን ውስጥ እቀመጣለሁ፣ አንዳንዴ ለቅሶው ሲነሳ ያ ቀዝቃዛ አየር እግሬን ይነካኛል። በቁሜ እንደተለቀሰልኝ ግን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።